ላሟ ትናገር

በምጽፋቸው ልብ ወለዶች ውስጥ እንስሳት ይናገራሉ። ይህን የሰማ ሁሉ «ለልጆች ነው የምትጽፊው?» እያለ ፈገግ ይላል፤ እኔም ጥርሴን እነክሳለሁ። ለእንስሳቶቼ ሕግ አለኝ፤ እንስሳ የማይሠራውን ግፍ አላሠራቸውም። ሕጉን ያወጣሁት እስራኤል አገር፣ ቂርያት ጋት ከተማ፣ እናቴ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ነው።

ሐሙስ ማታ ታላቅ እህቴን ባሏ ደብድቧት ነበር። ከፋብሪካ ስመለስ ከሁለት ልጆቿ ጋር እናታችን ዘንድ መጥታ፣ ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጣ በረዶ አፏ ላይ ይዛ አገኘኋት። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ፖሊስ ልጠራ ስል እናቴ ስልኬን ነጠቀችኝ።

«ሽማግሌ ሳይሰማው ሚሽታራ ትጠሪያለሽ? ሰው ፊት በምን ዓይናችን ልንቆም ነው?»

በማግስቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ባልየውም ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በእኛ ሽምግልና ሰው ፊት ለፊት አይከሰስም። ሽማግሌዎቹ በተረት እንስሳት ያመጡና እነሱን ያጣላሉ፣ እነሱን ያስታርቃሉ፤ መቺው አያፍርም፣ ተመቺዋም ገመናዋ አይወጣም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል። ጠጁ ደም እስካልሆነ ድረስ ደስ የሚል አባባል ነው።

የሰፈሩን ግማሽ ያስታረቁት ትልቁ ሽማግሌ ጀመሩ። «በሬና ላም ባንድ በረት ይኖሩ ነበር። በሬው ዘወር ሲል ቀንዱ ላሟን ነካት። ላሟ ተቆጥታ ልውጣ አለች። ውጭ ግን ጅብ አለ፤ ጥጆችም አሏት።»

ነካት! ሌሎቹ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ባልየው አቀርቅሮ እንባውን ጠረገ። የፈለጉት ግልጽ ነበር፤ ሰንበት ሳትገባ ልጆቿን ይዛ ቤቷ እንድትመለስ። እኔ ደግሞ ከተመለሰች የምናወጣው ሬሳዋን እንደሆነ አውቅ ነበር።

«እስቲ አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አሏት።

ከንፈሯ ስለተተረተረ ቀስ ብላ ተናገረች። «አባ፣ ላሟ ትናገር?»

«ትናገር እንጂ።»

«በሬው መጀመሪያ በሩን ቆለፈ። ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ጥጆቹን ሶፋ ላይ አስቀመጠና እናታችሁን እዩ አላቸው። ዓይኑን የጨፈነ ተረኛው እሱ ነው አለ። ከዚያ ቢላዋ አመጣ።» ሻሿን ከአንገቷ ዝቅ አደረገች። ጉሮሮዋ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር አለ።

ትልቁ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው መስመሩን አዩት። «ልጄ፣ በሬ እኮ እንዲህ አያደርግም።»

«አዎ አባ። በሬ አያደርግም።»

ባልየው ተስፈንጥሮ ሲነሣ ነጩን ሸሚዝ ብቻ ነው ያየሁት። ቡጢው ጆሮዋ ላይ አረፈ፤ ከጠረጴዛው ጋር ተያይዛ ወደቀች፤ ብርጭቆው ረገፈ። ፀጉሯን ጨምድዶ ይዞ ጭንቅላቷን ከወለሉ ጋር አጋጨው። ትልቁ ሽማግሌ መሃል ገቡ። በክርኑ ሲገፋቸው ግንባራቸው ግድግዳው ላይ ተፈነከተ፤ ደሙ በጺማቸው ወረደ። እኔ ወንበር አንሥቼ ጀርባው ላይ አሳረፍኩበት፤ ደገምኩለት። አልዋሽም፣ ልገድለው ነበር የፈለግሁት። ሁለቱ ሽማግሌዎች ላዩ ላይ ወድቀው ያዙት። ጩኸቱን የሰማች ጎረቤት ፖሊስ ጠራች።

ወጣት ሴት ፖሊስ ገብታ ምን እንደተፈጠረ በዕብራይስጥ ጠየቀችኝ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «የቤት ጠብ ነው በያት። ተንሸራታ ነው በያት።»

ትልቁ ሽማግሌ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ግንባራቸውን በመሐረብ ይዘዋል። «ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?» አሉኝ።

«ምን ሆናችሁ ነው የምትለው፣ አባ።»

ባልየውን አዩት፤ ከዚያ በብርጭቆው ስብርባሪ መሃል የተኛችውን እህቴን አዩ።

«ይህ ሰው ሚስቱን ሊገድላት ነው በያት። እኔም ወደሱ ልመልሳት ነበር የመጣሁ በያት።»

ሁለቱንም፣ እሳቸው እንዳሉት፣ ተረጎምኩላት።