ለዒድ ያልደረሰው ቀሚስ

በ1954 ዓ.ም. በጋ ነው። የእኛ ዐቢይ ጾም የገባበት፣ ረመዳን የሚወጣበት ሳምንት ነበር። የምንኖረው ከሚሴ ነው። ልጆቼን ያሳደግኋቸው በስፌት መኪና ነው። ሰው ሥራዬን ሲያመሰግን ግን ትዝ የሚለኝ ያ ሳምንት ነው፤ ስፌቱን ልተወው ቆርጬ ነበር።

ባለቤቴ ሲሞት አስቴርንና ሁለት ታናናሾቿን ይዤ ቀረሁ። ወንድሜ ከደሴ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አመጣልኝ። አባ ይማም የሚባሉ የገበያ ልብስ ሰፊ ሊያስተምሩኝ ፈቀዱ። ከእኔ በኋላ የመጡ ሰዎች ሱሪ መስፋት ሲጀምሩ የእኔ እግር ገና መርገጫውን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ክሩ ይበጠሳል፣ መርፌው ይሰበራል።

በዚያን ጊዜ መኪና ላይ የሚቀመጠው ወንድ ነው። ከአባ ይማም በረንዳ ጎን ጨው የሚሸጥ ሰው መርገጫውን ስረግጥ ባየኝ ቁጥር፣ «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ረግጠው ባቲ ገቡ ወይስ ገና መንገድ ላይ ነዎት?» ይለኛል። እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ አለቅሳለሁ። እመቤቴን፣ «ይህ እጅ እንቢ ካለ ሌላ እንጀራ አሳዪኝ» እላት ነበር።

ዓመት ሊሞላኝ ሲል ጎረቤቴ ዘይነብ፣ «አከም ቡልቴ» ብላ በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ እያለችኝ አበባማ ጨርቅ ይዛ ገባች። ለትንሿ ልጇ ለሐዋ የዒድ ቀሚስ እንድሰፋላት ነው። ሰው አምኖ ጨርቅ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገ ዒድ ሊሆን ይችላል በተባለ ቀን ሐዋን ቀሚሱን አለበስኳት። ግራው እጅጌ ልክ ነው። ቀኙ ተጣሞ ብብቷን ያዛት። ጨርቁን ሳልገለብጥ ሁለቱንም እጅጌ ለግራ እጅ ቆርጫቸው ኖሯል። ትራፊ የለኝም። ከታች ከሽንሽኑ ቀንሼ ሌላ እጅጌ ማውጣት ይቻላል፤ እንደ እኔ አያያዝ ግን ሙሉ ቀን ይፈልጋል።

ጨረቃ ካልታየች አንድ ቀን አገኛለሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ወደ ምዕራብ ሲያይ እኔም ደጅ ወጣሁ። እንዳትታይ በልቤ ለመንኩ። አጠገቤ የቆመችው ዘይነብ ገባት።

«የአስቴር እናት፣ ለአንድ እጅጌ ብለሽ አገሩን ሁሉ ልታስጾሚው ነው?» አለችኝ።

ወዲያው ከላይኛው ሰፈር ጨረቃዋ መታየቷ ተሰማ።

ቤት ገባንና ቀሚሱን ጠቅልዬ ሰጠኋት።

«ለአባ ይማም ውሰጂላቸው። ለእኔ አልተጻፈልኝም» አልኳት።

ሐዋ ማልቀስ ጀመረች። ዘይነብ ልጇን ወደ ጎኗ ሳብ አደረገችና ጥቅሉን መልሳ መኪናው ላይ አስቀመጠችው።

«አሏህ በዓመት ሁለት ዒድ የሰጠን ለዚህ ይሆናል። ለአረፋ ይደርሳል። አይዞሽ፣ አብሽሪ» ብላኝ ወጣች።

እግዚአብሔር ይስጣት። ያን ጨርቅ ይዛ ብትሄድ ኖሮ መኪናውን እሸጠው ነበር። ዛሬም በጸሎቴ ስሟን ሳላነሣ አልተኛም።

በማግስቱ ጠዋት ሰው ከሶላት ሲመለስ ሐዋ በአምና ቀሚሷ በደጄ አለፈች። እጅጌው አጥሯት ክንዷ ላይ ቀርቷል። ጠራኋት። አኩርፋ ቆመች። ሜትሬን ይዤ ፊቷ ተንበረከክሁና ቀኝ እጇን እንድትዘረጋልኝ ለመንኳት። እንዳኮረፈች ዘረጋችልኝ።