ሰባት ዓመት በታሪኩ ስም

ግዛቸውን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ታታሪነቱ ይመሰክራል። ዲላ ውስጥ በአንድ ጽሕፈት ቤት ሰባት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ ከወርቃ ከተማ ድረስ ለመጣ ባለጉዳይ ወንበሩን ለቆ ቆሞ ሲተይብ፣ አንድ ቀን "ደከመኝ" ብሎ አያውቅም። ምኞቱ አንዲት ናት፤ ጡረታ ሳይወጣ ቡድን መሪ መሆን።

ዘንድሮ ቦታው ተለቀቀ። ውድድሩ በተጻፈ ደብዳቤ ብዛት ነው ሲባል በሆዱ ሳቀ። እሱን ማን ሊደርስበት!

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ወይዘሮ አመለወርቅ ግን ጠሩትና፣ "አቶ ግዛቸው፣ በስምዎ አንድም ደብዳቤ የለም" አሉት። "ደመወዝ መቀበልዎን አልካድኩም። መሥራትዎን ነው ያጣሁት።"

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ብሎ ኮምፒዩተር አዋቂውን ሳምሶንን አመጣ። ሳምሶን ገና ከፍቶ ሲያየው ሳቁ አመለጠው። ለካ ደብዳቤ በተጻፈ ቁጥር ስክሪፕት የምትባል አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩን "አሁን የገባው ማነው?" ብላ ትጠይቃለች። እሱም ከያዛቸው መረጃዎች መካከል የተጠቃሚውን ስም አውጥቶ ይነግራታል፤ እሷ ደግሞ "አዘጋጅ" ብላ ግርጌ ላይ ትለጥፈዋለች። የሚነግራት ስም ታሪኩ ነው።

ታሪኩ ከግዛቸው በፊት የነበረ ሠራተኛ ነው። ሥራ ለቆ ባጃጅ ሲገዛ የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ አስረከበው፤ ግዛቸው ሆዬ በዚያው ሲገባ ኖረ። ግርጌ ያለውን ስም ሳያየው ቀርቶ አይደለም፤ የኮምፒዩተሩ ስም መስሎት ነው።

"በል ስሜን አስገባልኝ" ቢለው፣ ሳምሶን "ያለ ደብዳቤ አልነካም" አለ። ደብዳቤ የሚወጣው ደግሞ ከዚያው ኮምፒዩተር ነው። ግዛቸው ምን ያድርግ፣ ማመልከቻውን እዚያው ጻፈ። የውድድሩ ኮሚቴ ግርጌውን አየና ታሪኩ ለባልደረባው ያለውን አሳቢነት አደነቀ።

"ታሪኩኮ ለቋል!" ብሎ ግዛቸው ተሟገተ።

"የለቀቀ ሰው አራት ሺህ ደብዳቤ ይጽፋል?" አሉት ወይዘሮ አመለወርቅ።

በሳምንቱ ታሪኩ ቡድን መሪ ሆኖ ተሾመ። የሹመቱን ደብዳቤ ማን የጻፈው ይመስላችኋል? ግዛቸው ነው እንጂ። አድርስ ስለተባለም ይዞ ባጃጅ ተራ ወረደ።

ታሪኩ የባጃጁን መሪ እንደያዘ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ "ሥራው ይከብደኝ ይሆን?" ሲል ጠየቀ።

"አይከብድህም" አለው ግዛቸው። "ሰባት ዓመት ሠርተኸዋል።"