የእትዬ ጀማነሽ መንጋጋ

ዶክተር አርአያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት። ካዛንቺስ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የታመመ የሰው ጥርስ ሥር እያጸዳ ሲሞላ ኖሯል። አሠራሩ የዱሮ ነው። ጉታ ፐርቻ የሚባለውን እንደ ላስቲክ ያለ ቀጭን ዘንግ ከነማጣበቂያው ያስገባል፣ በሹል መሣሪያ ወደ ጎን ይጫነዋል፣ በተገኘው ክፍተት ሌላ ይጨምራል፣ ደግሞ ሌላ። የታካሚው አገጭ ይዝላል እንጂ ሥራው አይታማም።

ምን ያደርጋል፣ አምና እዚያው ክሊኒክ ዶክተር ኢፍቱ ተቀጠረች። ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ባዮሴራሚክ የሚሉትን አዲስ ማጣበቂያ ትሞላና አንዲት ዘንግ ብቻ ሰክታ በደቂቃዎች ትጨርሳለች። ታካሚው ሁሉ "ያቺ እጇ ቀላል የሆነችው" እያለ እሷን መጠየቅ ጀመረ። አርአያ ቀና። በቃ፣ ሌላ ስም የለውም። በሯ ላይ ወረፋ ባየ ቁጥር ሰዉን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ዘዴዋ ከሱ ዘዴ እንደማያንስ ያውቃል፤ ማወቁ ደግሞ ይብስ ያቃጥለዋል።

እሱ ለቅሶ ሄዶ በቀረበት ሳምንት እትዬ ጀማነሽን መንጋጋ ጥርሳቸውን አመማቸውና ኢፍቱ ጋ ገቡ። ቡልጋሪያ ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ከአርአያ በቀር አፋቸውን የነካ ሐኪም የለም። ለክትትል ሲመጡ ራጁን ያየው እሱ ነበር። አሞላሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ እንከን የሌለው ነው። ከሥሩ ጫፍ ብቻ ጤፍ የምታክል የማጣበቂያ ነጥብ አልፋ ወጥታለች። እንዲህ ያለችው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ ምንም እንደማታደርግ ራሱ ለተማሪዎች አስተምሯል።

"እኔስ ደህና ነኝ" አሉት እትዬ ጀማነሽ። "ልጅቷ እጇ ይባረክ፣ ሳይሰማኝ ነው የጨረሰችው።"

እጇ ይባረክ አሉ። ይቺ ምርቃት እኮ ስንት ዓመት የሱ ነበረች።

"ፈሶ ወጥቷል" አላቸው ነጥቧን በጣቱ እያሳየ። "ልጅ ናት፣ ማለቴ፣ ችኮላ አለ..." ራሱን ነቀነቀና የቀረውን ዋጠው።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። እንቅልፍ አልወሰዳቸውም፤ ጎረቤት የፈሰሰው መድኃኒት ወደ አንጎል ይወጣል ብሏቸዋል።

"ንቀለው" አሉት። "ከእንግዲህ ካንተ በቀር ማንንም አላምንም።"

ኢፍቱ ወሬውን ሰምታ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። "ምን አጥፍቼ ነው ጋሽ አርአያ? ያሳዩኝና ልማርበት" አለችው።

ስንት ወር ሲመኝ የከረመው ይህንኑ ነበር፤ እትዬ ጀማነሽ ተመልሰውለት፣ ልጅቷም አንገቷን ደፍታ። ማደንዘዣውን አነሳ። እሳቸው አፋቸውን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠብቁታል።

"ጥርስዎ ጤነኛ ነው እትዬ" አለ መርፌውን እያስቀመጠ። "ምንም አላጠፋችም።"

ዓይናቸውን ገለጡ። "ታዲያ ለምን እንደዚያ አልከኝ?"

"ቀንቼ ነው።"

እትዬ ጀማነሽ ከወንበሩ ቀስ ብለው ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉና ወደ ኢፍቱ ዞሩ።

"ቀጠሮዬን ወዳንቺ አዙሪልኝ ልጄ" አሏት።