ከግድግዳው ላይ ያነበብኩት

ልጅ እያለሁ፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ቀን ሁሉ ከእናቴ ጋር ከሰፈራችን ከሐጅ ዩሱፍ በተጨናነቀ ሐፍላ፣ በከተማ አውቶቡስ፣ ተሳፍረን ወደ ካርቱም ባሕሪ እንሄድ ነበር። እናቴ ዘይነባ በወንዙ ዳር ያለውን አሮጌ የወደብ ሕንፃ ለሚያድሱ ሠራተኞች ምሳ ታበስላለች። ድሮ ወደ ደቡብ የሚሄዱ መርከቦች የሚጫኑት እዚያ ነበር። ያኔ ግን አንድ ሀብታም ኩባንያ ገዝቶት ዋና መሥሪያ ቤቱ ሊያደርገው ነበር።

የሕንፃው መጋዘን እርጥብ ኖራና የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ሠራተኞቹ «ጂን አለበት» እያሉ ቢስሚላሂ ሳይሉ አይገቡም።

እናቴ ከወረኢሉ ካርቱም የመጣችው ወንድሟን ብላ ነው። አጎቴ እንድሪስ ቀድሟት መጥቶ በዚያ ወደብ ጆንያ ይሸከም ነበር። እሷ ስትደርስ ግን አላገኘችውም፤ የት እንደገባ የሚያውቅም ጠፋ። «ተራራና ተራራ አይገናኝም እንጂ ሰውና ሰው ይገናኛል» እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሠራተኞቹ አለቃ ዓም ባሺር ከመጋዘኑ ውስጥ ተጣራ። «ያ ዘይነብ፣ ተዓሊ፣ ነይ እስቲ! የእናንተ አገር ጽሑፍ መሰለኝ።» ለዓመታት የተከመረውን እንጨት ሲያነሱ፣ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ በከሰል የተጻፈ ነገር አግኝተዋል። የእጅ ጽሑፉ ተኝቶ የጻፈ ሰው ይመስላል።

እናቴ ማንበብ አትችልም። እኔ ጎረቤታችን አርብ አርብ ፊደል ታስቆጥረኝ ስለነበር ተንበርክኬ አንድ በአንድ ለቀምኩት። «እን…ድሪስ… ሰይድ። ወረኢሉ።»

«ወንድሜ!» ብላ አጠገቤ ወደቀች። «ቀጥሎስ? ቀጥሎስ ምን ይላል?»

ቀጥሎ የነበረው «ትኩሳቱ በረታብኝ፤ ብሞት ለእህቴ ለዘይነባ ንገሩልኝ» የሚል ነው። ፊቷን አየሁት።

«ወደ ደቡብ ሄጃለሁ ይላል» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ግድግዳውን ሳመችው። ከንፈሯ በከሰል ጠቆረ። ከዚያ ግድግዳው እንዳይነካ ዓም ባሺርን ለመነችው። «ትእዛዝ ነው፣ ያ ኡኽቲ፤ ዛሬን እተውልሻለሁ፣ ቡክራ ግን ይለሰናል» አላት። ቀኑን ሙሉ እዚያው ተቀመጠች። እኔ የምፈራው ማንበብ የሚችል ያገራችን ሰው ብቅ እንዳይል ነበር። በማግስቱ ሲሚንቶው የመጨረሻዋን መስመር ሲሸፍናት እፎይ አልኩ፤ ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ የሚያባንነኝ ያ ደስታዬ ነው።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ከደቡብ የመጣ ሰው ባገኘች ቁጥር ስለ እንድሪስ ሳትጠይቅ አታልፍም። በየዒዱ አዲስ ጀለቢያ ትገዛለታለች።

ካደግሁ በኋላ ለጉዳይ ወደዚያ ሕንፃ ገባሁ። በሩ መስታወት ሆኗል፤ ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ መጋዘኑ የስብሰባ አዳራሽ ነው። ግድግዳው ነጭ ነው። ሰዎች ወንበራቸውን እሱ ላይ አስደግፈው ሻይ ይጠጡ ነበር። ጉዳዬን ትቼ ወጣሁ።

በዚያው ቀን ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ከሥራዋ ቀና አለች።

«ያኔ አንቺ ፊደል መች በደንብ ትለዪ ነበር?» አለችኝ፤ ወደ ሥራዋም ተመለሰች።

ልጅ ሳለሁ ያነበብኩትን አውቅ ነበር፤ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። አሁን በራችን ሲንኳኳ እንድሪስ ቢሆንስ ብዬ ከእሷ ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ።