የታዘብ ገመድ

የረጠበ ቃጫ ገመድ ሲሸተኝ፣ የትም ልሁን የት፣ ልቤ ያደግኩበት ቁሐር ሚካኤል ነው። ባለፈው ሰኔ ወረታ ገበያ አንድ ገመድ ሻጭ ዝናብ የመታውን ገመድ ሸራ ላይ ዘርግቶ ሲያናፍስ ያ ሽታ ድንገት መጥቶብኝ፣ ሽንኩርት ልገዛ የወጣሁት ሴትዮ ዘንቢሌን እንደያዝኩ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ፤ ባለባጃጁ «እትዬ፣ ምነው ተተከሉ?» ብሎ እስኪጮህብኝ ድረስ አልነቃሁም። ምን ልበለው? ውሻችን ትዝ ብሎኝ ነው ልበለው?

ውሻው ታዘብ ይባል ነበር። ስሙን ያወጣለት አባቴ ነው፣ ያወጣለትም ለጎረቤታችን ለአያ መልኬ እንዲሰማ ብሎ ነው። በኛ አገር ውሃ በየክረምቱ እየመጣ የማሳውን ድንበር አጥቦት ስለሚሄድ፣ ውሃው ሲሸሽ ወንዶቹ ሁሉ ጭቃ ውስጥ ቆመው «ድንበሬ እዚህ ነበር»፣ «ኧረ ወዲያ ነበር» እያሉ ይጨቃጨቁ ነበር። አንድ ዓመት አባቴ አያ መልኬ የሩዝ ማሳዬን ገፋብኝ ብሎ ቂም ያዘና፣ ያን ሰሞን ያመጣውን ቡችላ ታዘብ ብሎ ሰይሞ በየማለዳው ደጃፍ ላይ ቆሞ «ታዘብ! ና እንጂ ታዘብ!» እያለ ይጣራ ጀመር። አያ መልኬ የዋዛ ሰው መሰላችሁ? እሱም ቡችላ ፈልጎ አምጥቶ አልሰማም ብሎ ስም አወጣለት። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ባንድ ወገን «ታዘብ!» በሌላ ወገን «አልሰማም!» እየተባለ፣ እናቴ ከጓዳ ሆና «ከነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች እግዜር ይገላግለኝ» ትል ነበር፤ ሽማግሌ ግን አልነበሩም፣ ሁለቱም ገና ጎልማሶች ነበሩ።

በጋውን ታዘብ ከከብቶቹ ጋር ሜዳ ውሎ ይገባ ነበር። እናቴ ልታልብ ስትቀመጥ መጀመሪያ የላሟን ጡትና ብብት በጣቷ ዳብሳ መዥገሩን እየነቀለች ፍም ላይ ትጥለዋለች፣ እሱም ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ እኔም አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ እየቆጠርኩ እስቃለሁ። የውሻ መዥገር ግን የሚነቅል አልነበረም። ውሻ ራሱን ይችላል ተብሎ ይታለፍ ነበር፣ ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያው ልማድ ነው።

ክረምቱ ሲገባ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ የታችኛው መንደር ሰው ከብቱንና ልጁን ይዞ ደብሩ ወዳለበት ጉብታ ይወጣ ነበር። ዙሪያው ሁሉ ተመንጥሮ ሩዝ ሲዘራበት ጫካ የቀረው እዚያ ብቻ ነበር፤ ደኑ የታቦቱ ስለሆነ ቅርንጫፍ የሚሰብር፣ ሣር የሚያጭድ የለም፣ ጦጣውም ሚዳቋውም ማን ይነካኛል ብሎ ይኖርበታል። መዥገሩም እንዲሁ። ቄሱ በር ላይ ቆመው መስቀላቸውን እያሳለሙ «ሰው ይግባ፣ ከብቱ ከአጥሩ ውጭ ይደር፣ ውሻ ግን ከቅጥሩ እንዳያልፍ፣ አደራ» ይሉ ነበር። ስለዚህ እኛ በቅጥሩ ውስጥ ዳስ ጥለን ስንቀመጥ፣ ከብቶቹ በአጥሩና በጫካው መካከል ታጉረው፣ ጅብ እንዳይመጣባቸው ውሾቹ ከነሱ ጋር ይታሰሩ ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ ያለ ወትሮው በረታ። አባቴ ታዘብን ዝናብ እንዳይመታው ብሎ፣ አዝኖለት፣ ጫካው ጥግ ካለው ትልቅ ወይራ ሥር፣ ቁጥቋጦው ጥቅጥቅ ያለበት ጋ በቃጫ ገመድ አሰረው፣ ገለባም አነጠፈለት። አልሰማም ግን ገላጣው ላይ ዝናብ እየደበደበው ሲያላዝን ይውል ነበርና፣ አባቴ አያ መልኬን በጎሪጥ እያየ «አይ ጭካኔ! እንስሳም እኮ ነፍስ አለው» ይል ነበር።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ታዘብ ቂጣ ሲወረወርለት ቀና ብሎ ማየት ተወ። ከዚያ ሲቆም የኋላ እግሩ ይንገዳገድ፣ ለሃጩም ይዝረበረብ ጀመር። አንድ ቀን የአያ መልኬ ጥጃ ስትቦርቅ መጥታ ብትረግጠው ዘወር ብሎ ሊነክሳት ቃጣ፣ አልደረሰባትም፣ ግን ያየው ሰው «ውሻው አበደ!» ብሎ ጮኸና ጉብታው ተተረማመሰ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ወደ ዳስ ገቡ፣ አያ መልኬም ጦሩን ይዞ ደረሰ።

«ወግድ፣ ልገላግለው» አለ።

አባቴ ወይራውን ተደግፎ ቆመና «እኔን ሳትገድል ውሻዬን አትገድልም» አለው።

«ልጆች እዚህ ታጉረው፣ ውሃ ከቦን፣ ያበደ ውሻ እናስቀምጥ? አንተ ነህ ያበድከው!»

ሽማግሌዎች መሃል ገቡ። ታዘብ በሁለት ገመድ ይታሰር፣ ማንም አይጠጋው፣ እስከ እሁድ ካልተሻለው ይገደል ተባለ። እናቴ ውሃ በቅል ሞልታ በረጅም እንጨት ገፋችለትና እሱም ሲጠጣ ሁላችንም አየን፤ «ያበደ ውሻ ውሃ ይሸሻል፣ ይሄው ጠጣ አይደለም?» ብላ ብትጮህም «ገና አልጀመረው ይሆናል» አሏት። እኔም ከቅጥሩ አጥር ላይ ደረቴን አስደግፌ ሳየው እውል ነበር። ወደፊት ባይ ውሃ፣ ወደኋላ ባይ ውሃ፣ ወደላይ ባይ ዝናብ፤ እሱ በገመዱ፣ እኛ በጉብታችን፣ የምንሄድበት አልነበረንም። ወረታ የእንስሳት ሐኪም እንዳለ አባቴ ያውቃል፣ ግን በጉብታው ላይ ያለችው ታንኳ አንዲት ናት፣ እሷም የአያ መልኬ ናት። እናቴ «አንተ ሰውዬ፣ ሂድና ለምነው፣ አፍህ አይነቀል!» ብትለው፣ አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ያዞር ነበር። እንዴት እንደተናደድኩበት! ውሻው ሊሞት፣ እሱ ስለ ድንበር ያኮርፋል።

እሁድ ሊሆን ሲል ዝናቡ ትንሽ ጋብ ብሎ፣ አያ መልኬ ጥጃውን ፍለጋ በወይራው በኩል ሲያልፍ፣ ታዘብ እንደ ምንም ተነስቶ ነጩ ገለባ ላይ ሸና። ሽንቱ ደም ነበር፤ ገለባው ቀላ። አያ መልኬ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለፈው ዓመት ቡሬ የሚባል በሬው እንዲህ ደም እየሸና ነው የሞተበት። ጦሩን ወይራው ላይ አስደግፎ ወደ ውሻው ተጠጋ።

«ተው! ይነክስሃል!» አለ አባቴ እየሮጠ።

አያ መልኬ አልሰማውም። የታዘብን ጆሮ ገለበጠ፤ ውስጡ ሁሉ መዥገር ነው፣ ደም ጠጥቶ ያበጠ፣ የጉሎ ፍሬ የሚያህል፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ። ከንፈሩን ሲያነሳው ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«ወይ ያንተ ነገር!» አለ። «ይሄ ውሻ የታለ ያበደው? ደሙን ተበልቶ ነው። መዥገር ጎሬ ውስጥ አስረኸው ልትጨርሰው ነው እንዴ?»

አባቴ ወይራውን አየ፣ ቁጥቋጦውን አየ፣ ያነጠፈውን ገለባ አየ። ፊቱ ሲለወጥ ከአጥሩ ሆኜ አየሁት።

«ታንኳዬ ያችውና» አለ አያ መልኬ። «እስቲ ለአንድ ቀን እንኳ አፍህን ከፍተህ ለምነኝ።»

አባቴ «መልኬ» አለ፣ «አሻግረን። በሞቴ።»

ታዘብ የኔን እጅ ስለለመደ ራሱን እንድይዝለት እኔም ታንኳዋ ላይ ተጫንኩ። ታንኳዋ የታሰረችበት ደንገል ከሥራችን ውሃ እያስገባ፣ ቀሚሴ እስከ ወገቤ ርሶ፣ የታዘብ ራስ ጭኔ ላይ እንደ ፍም እየተቃጠለ፣ አያ መልኬ በዘንግ እየገፋ ሄድን። ማሳችን ካለበት ስንደርስ አያ መልኬ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ውሃው ውስጥ ተከለና «ድንበራችን እዚህ ታች ነው» አለ። አባቴም ውሻው በሞትና በሕይወት መሃል እያለ «ትንሽ ወዲያ ነው» አለው! አያ መልኬ ሳቀ፣ አባቴም ሳቀ፣ እኔ ግን አለቀስኩ።

ወረታ ያገኘነው ሐኪም ቦቲ ጫማ ያደረገ ቁጥብ ሰው ነበር። ድዱን አየ፣ ጆሮውን አየ፣ ሆዱን ዳበሰ። «መዥገር ነው። ሲነክሰው በዓይን የማይታይ ተባይ ደሙ ውስጥ ይተዋል፣ እሱ ነው ደሙን የሚበላው» አለ። «ጫካ አጠገብ ነበር?»

«ወይራ ሥር አስሬው ነበር» አለ አባቴ። «ዝናብ እንዳይመታው ብዬ።»

ሐኪሙ መርፌውን ወጋው፣ መዥገሩን አንድ በአንድ ነቀለ፣ ከዚያ «ከጫካው አርቃችሁ ፈታችሁ ተዉት፣ ጆሮውን በየቀኑ እዩለት» ብሎ አሰናበተን።

ታዘብ አልሞተም። ሽንቱ እየጠራ፣ ቂጣም እየቀመሰ መጣ። አባቴ ከብቶቹ መሃል ገላጣው ላይ አምጥቶ ገመዱን በገዛ እጁ ፈታለት፣ ለወጉ ያህልም «በል እንግዲህ ሂድ፣ እንደልብህ» አለው። እሱ ግን አልሄደም። ተነስቶ ትንሽ ይራመድና፣ ገመዱ ይደርስ የነበረበትን ያህል ሲሄድ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ወደ ጎን ይዞራል፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይተኛል። ሣሩ ላይ ክብ መንገድ አወጣ። ቂጣ ይዤ ከክቡ ወዲያ ቆሜ «ና ታዘብ፣ ናልኝ» እለዋለሁ፣ ጭራውን ይቆላል፣ ያለቃቅሳል፣ አይመጣም። ውሃው ጎድሎ ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ እንደ ጥጃ ትከሻው ላይ አንግቶት ነው ጭቃውን የተሻገረው።

ቤት ከገባን በኋላ ደህና ሆነ፤ ይሮጣል፣ ከአልሰማም ጋር ይላፋል፣ አያ መልኬም ብቅ እያለ «ያ በሽተኛችን እንዴት ነው?» ይላል። እናቴ ከላሟ ቀጥሎ የሱን ጆሮ እየዳበሰች መዥገሩን ፍም ላይ ትጥል ነበር። ነገር ግን አባቴ በሬ ሊያስር ገመድ ያነሳ እንደሆን፣ ታዘብ ሆዱን መሬት እያስነካ ሄዶ ጎታ ሥር ይወሸቃል። አባቴ ገመዱን ከጓሮ ይሸሽግ ጀመር።

ዓመት ዞሮ ክረምት መጣ። ጓዝ ሲሸከፍ፣ ከብቱ በገመድ ሲያያዝ አይቶ ታዘብ ከጓሯችን የሩዝ ገለባ ክምር ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጠራነው፣ ለመንነው፣ ሥጋ አሳየነው። ውሃው ደጃፉን እየነካ ነበር። አባቴ ገመድ አንስቶ ወደ ክምሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ፣ ታዘብ ከላይ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ አየው፣ ገመዱን ጣለው።

«አልችልም» አለ። «ሲርበው ይመጣል።»

በነጋታው አያ መልኬና አባቴ በታንኳ ሄደው ክምሩ ላይ አገኙት። አባቴ እጁን ዘረጋለት፣ እጁን ላሰው፣ ታንኳዋ ላይ ግን አልወጣም፤ ታንኳዋ ራሷ በገመድ የተጠፈረች ናት። ሊይዘው ሲል ወደ ክምሩ ሌላ ጎን ሸሸ። ቂጣ ትተውለት ተመለሱ። እንደገና ሲሄዱ ክምሩም አልነበረም፣ እሱም አልነበረም፣ ውሃ ብቻ ነበር። አያ መልኬ እስከ አመሻሽ በማሳው ሁሉ ላይ እየቀዘፈ «ታዘብ! ታዘብ!» እያለ ተጣራ። ያን ስም ከአፉ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው። ጉብታው ላይ ሆነን ድምፁ ይሰማን ነበር፣ አባቴም ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር።

ያ ሁሉ ካለፈ ስንት ዘመኑ። ዛሬ የምኖረው ወረታ ነው፣ ደጄ ላይ ውሃ አይደርስም፣ የእንስሳት ሐኪሙ ጋ ለመሄድ ታንኳ ያለውን መለመን የለብኝም፣ በባጃጅ ሄጄ እመለሳለሁ። እናቴ አርፋለች። አባቴ ዓይኑ ጠፍቶ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። ውሻ አለኝ፣ የግቢው ሰው «እሰሪው እንጂ» ሲለኝ አባቴ ቀድሞኝ ከመደቡ ላይ ሆኖ «አይታሰርም!» ብሎ ይቆጣል። ጧት ጧት ውሻው መጥቶ ጉልበቱ ላይ ራሱን ያስደግፍለታል፣ አባቴም በማያዩ ዓይኖቹ ወደ ሰማይ እያየ ጆሮውን ገልብጦ በጣቶቹ ይዳብሳል፣ ቀስ ብሎ፣ ውስጡን ሁሉ። ወረታ መሃል ያለ ውሻ ምን መዥገር አለው፤ ምንም አያገኝም። ጆሮውን ግን ቶሎ አይለቅለትም።