ጀርባዋን ለሰማይ የሰጠችው ተሳፋሪ

ተወልጄ ካደግኩባት ከትሮምሶ በአውቶቡስ እየወሰድኩ ሌሊት ሰማዩን የሚያቀልመውን የሰሜን ብርሃን የማሳያቸው እንግዶች ትዕዛዝ አያልቅባቸውም። አንዱ ደመናውን ገፋ አድርግልኝ ይለኛል፤ ሌላዋ ማብሪያ ማጥፊያው ኪሴ ያለ ይመስል «ስንት ሰዓት ላይ ይበራል?» ትለኛለች።

አንድ ምሽት የተሳፈረች ሽበት የወረሳት ሴትዮ ግን መጨረሻ ወንበር ላይ በኪራይ ቱታ ተጠቅልላ ጸጥ ብላለች። «ከካናዳ ነኝ፤ አገሩን አላውቀውም» ብላኛለች በእንግሊዝኛ። ይሁና! ሾፌሩ ኦድቫር በእኛ በአገሬው ቋንቋ «በረደዎት እንዴ እትዬ?» ሲላት ግን ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «አዎ» አለች። «አዎ»ን እንደ ትኩስ ሾርባ ወደ ውስጥ የሚምግ የእኛ አገር ሰው ነው። ካናዳ ስንቱን ታስተምራለች!

የባሕሩ ዳርቻ ላይ ስንወርድ ሰማዩ አረንጓዴ ለበሰ። እንግዶቹ እየዘለሉ እጃቸውን አውለበለቡለት። እኛ «ካውለበለባችሁለት ወርዶ ይወስዳችኋል» እየተባልን ነው ያደግነው፤ ካናዳዊቷም እጇን ኪሷ ውስጥ ቀበረች። ከዚያ ጀርባዋን ለሰማዩ ሰጥታ ከውሃው ማዶ ያለውን ብቸኛ ቤት ታይ ጀመር።

«እትዬ፣ ሰማዩ በዚህ በኩል ነው» አልኳት።

«ጎኑ የነበረውን የጀልባ ማስቀመጫ አፈረሰው» አለች ቤቱን እያየች፣ በዚያው ዳርቻ ሰዎች አነጋገር።

የቤቱ በር ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ባትሪ ይዞ ማገዶ ሊያነሳ ወጣ። ሴትዮዋ ነጭ የአንገት ልብሷን ፈትታ፣ ብርሃኑ ወርዶ ቢወስዳትም ግድ ሳይሰጣት፣ ከራሷ በላይ ታውለበልብ ጀመር።

እኛ አገር ሰው ለዚህ ብርሃን አንገቱን እንኳ ቀና አያደርግም። ሰውዬው ግን ያን ዕለት፣ እንጨቱን እንደታቀፈ፣ እንደ እንግዶቼ አፉን ከፍቶ እሷ በቆመችበት በኩል ሰማይ ሰማዩን ያይ ነበር።