ለምርጫ ያልለበስኩት ከል

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም ባሌ በመስከረም ሞቶ፣ ዓመቱ ሳይሞላ፣ በየካቲት ነው። ስሙን አልጽፍም። ጎንደር ውስጥ የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀው ቢያውቀው አይጠቅመውም። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «እትዬ በገዛ እልኳ ተሸነፈች» እያለ ያወራል። ሲያወራ ሰምቼ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ። አሁን የኔም በጽሑፍ ይቀመጥ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በአዋላጅነት ነው። ደጋው ላይ ካሉት ጤና ጣቢያዎች ያልሠራሁበት ጥቂት ነው። ሕንፃ አላቸው፣ አልጋ አላቸው፣ ውኃ የላቸውም። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ ዘመዶቿ በጀሪካን ውኃ ተሸክመው ይከተሏታል። ይዘው ካልመጡ እጄን የምታጠብበት አልነበረኝም። ጡረታ ወጥቼ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ካለው ቤታችን ከገባሁም በኋላ ይኸው ነገር ከውስጤ አልወጣም። ባሌ በሕይወት ሳለ «ከምታጉረመርሚ ለምን አትወዳደሪም?» አለኝ። ተነሣሁ።

ፓርቲያችን ለምክር ቤት ማንን እንደሚያቀርብ የሚወስነው አባላቱን ጉባኤ ጠርቶ ድምፅ በማሰጠት ነበር። ከሌሎቹ ፓርቲዎች ጋር ከመግጠማችን በፊት እርስ በርሳችን እንገጥማለን ማለት ነው። እኔን የገጠመኝ ወንበሩ ላይ የቆየ፣ ሰው የለመደው ሰውዬ ነው። ባሌ የሞተው በዚህ መሐል ነው። ልተወው ነበር። አትተይው ያለኝ ወንድሙ ነው።

ወንድሙ ፒያሳ ማስታወቂያ ቤት አለው። ባነር ያትማል፣ የሠርግ ጥሪ ያትማል፣ ለከፈለው ሁሉ መፈክር ይጽፋል። ያደገው እኔ ቤት ነው፤ ደብተሩን የሸፈንኩለት እኔ ነኝ። «መልእክቱን ለኔ ተይው» ሲለኝ አመንኩት። ፎቶ አነሣኝ። ከል ለብሼ፣ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ፣ እጄን ጉንጬ ላይ እንዳደርግ ነገረኝ። ባነሩ ታትሞ ሳየው ከፊቴ በታች «ሐዘን ያላንበረከካት እናት» ይላል። ውኃ የሚል ቃል የለበትም።

«ውኃውስ?» አልኩት።

«ውኃማ ሁሉም ያወራል፣ እትዬ። ውኃ ያላወራ ዕጩ አይተሽ ታውቂያለሽ? ከል የለበሰ ዕጩ ግን ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺ ዝም በይ፤ ከሉ ይናገር።»

ሥራውን ያውቃል፤ ይህን አልክድም። ደጋው ላይ በዞርንባቸው ቀበሌዎች ሁሉ አፌን ሳልከፍት ሴቶቹ ያለቅሱ ነበር። ስለ ጤና ጣቢያው ስናገር ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ያዳምጡኛል፤ ስጨርስ ግን ባሌ በምን እንደሞተ ይጠይቁኛል። እሱ ከኋላ ቆሞ የሚያለቅሱትን በስልኩ ይቀርጻል። ወደ መኪናው ስንመለስ «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» ይለኝ ነበር።

በድብ ባሕር በኩል አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ እንደቆምን አንዲት ሴትዮ ዳገቱን ወጣች። ጀሪካን ተሸክማለች። ልጇ ውስጥ ምጥ ላይ ናት። እኔን ስታይ ጀሪካኑን አውርዳ አጠገቤ መጣች፣ ትከሻዬን ያዘች፣ አለቀሰችልኝ። ተይ፣ ልጅሽ ትጠብቅሻለች ብላት አልሰማችም።

«የኔዋ በሰላም ትገላገል ይሆናል» አለች። «ያንቺው ነው የማይመለሰው።»

ከዚያ ፊቷን ጠርጋ፣ ጀሪካኑን መልሳ ተሸክማ ገባች። የመጣሁት ስለዚያ ጀሪካን ልነግራት ነበር። እሷ ግን የኔን ከል ስታስታምም ስለ ጀሪካኑ አንድ ቃል ሳንነጋገር ተለያየን። የባሌ ወንድም ይህንንም ቀርጾታል። መኪና ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ አየው።

ከሉን ያወለቅኩት በዚያው ሳምንት ነው። አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን፣ አንዱ ተቀብሯል። ለድምፅ ብዬ አልተናገርኩትም፤ እዚህም አልጽፈውም።

በከሉ ፋንታ ነጭ ነጠላ የገዛሁት ጨርቅ ከምትሸጠው ሙስሊም ጎረቤቴ ነው። ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ለራሴ አልኳት። የለበስኩትን ጥቁር ከላይ እስከ ታች አየችው።

«በኛ አራት ወር ከአሥር ቀን ነው» አለች። «ከዚያ ወዲያ ለምን አወለቅሽ የሚልሽ የለም። በእናንተስ?»

«በኛማ ለምን አወለቅሽ የሚለው ራሱ ዓመት ይፈጃል።»

ሳቀችና ጥለቱ ሰማያዊ የሆነውን መረጠችልኝ።

እሱን ለብሼ ማስታወቂያ ቤቱ ስገባ የባሌ ወንድም ከወንበሩ ተነሣ። ሠራተኞቹን ወደ ውጭ ላካቸው። ምን ነክቶሽ ነው አለኝ፤ የተሠራውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ አፈረስሽው አለኝ። ቢያንስ ጉባኤው እስኪያልፍ መልሼ እንድለብሰው ለመነኝ።

«የምታስለብሰኝ ለወንድምህ ነው ወይስ ለባነርህ?» አልኩት።

«ለኔም እኮ ወንድሜ ነው። ለኔም ሞቷል።»

«እንግዲያው አንተ ልበሰው። አንተ በአርባው ጢምህን ተላጭተህ ሥራ ገብተሃል፤ ምነው ያለህ ሰው አልሰማሁም።»

ባነሮቼን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ጠቀለላቸው።

ብዙ ሳይቆይ በከተማውም በገጠሩም አንድ ወሬ ገባ። «ለባሏ ዓመት ያልታገሠች ለእኛ አምስት ዓመት ትታገሣለች?» የሚል ነው። ታክሲ ውስጥ ሰማሁት፣ እድር ላይ ሰማሁት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ አንዲት ሴት ለሌላዋ ስትል ሰማሁት። አጭር ነው፣ አፍ ላይ ይቀመጣል። ከማን እጅ እንደወጣ ለመለየት አልተቸገርኩም። የተፎካካሪዬ ባነር የሚታተመውም እዚያው ማስታወቂያ ቤት እንደሆነ ነገሩኝ። ሄጄ ጠየቅሁት። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ላይ ሳያነሣ «ሥራ ነው፣ እትዬ» አለኝ። አልካደም። ቢክድ ኖሮ ትንሽ ይሻለኝ ነበር።

የሚደግፉኝ ሰዎች ቤቴ መጡ። ምክራቸው አንድ ነበር፤ መልስ ስጪ። ባሌ ሲሞት ከል አትልበሺ ብሎ ተናዝዟል በይ፣ ስትይም እንባ ይምጣ፣ ሰዉ ይመለስልሻል አሉኝ። ከሉን ለምርጫ መልበስ ያስጠላኝ እኔ ማውለቄን ደግሞ ለምርጫ ላውለው? አይሆንም አልኩ። ግትር ነሽ አሉኝ። የሚሉት እውነት ነው።

በጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ነጩን ነጠላ ለብሼ ቆምኩ። ስለ ጤና ጣቢያዎቹ ተናገርኩ፤ ቧንቧው ከየት መሳብ እንዳለበት፣ ጉድጓዱን የሚጠብቀው ማን እንደሆነ፣ በበጋ የሚነጥፈው የቱ እንደሆነ። ማንም አላለቀሰም። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ከደጋ የመጡ አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ የተናገርሽው ሸጋ ነው። ከሉን ግን ምነው ፈጥነሽ አወለቅሽው?»

የባሌ ወንድም ከፊት ረድፍ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አየኝ። እንደማለቅስ ሳይጠብቅ አልቀረም።

«አያ፣ እሱ የኔና የሟች ነው» አልኩ። «የውኃውን ይጠይቁኝ፤ ለእሱ እስኪመሽ እመልሳለሁ።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ሽማግሌው ጥቂት አዩኝና ተቀመጡ። የውኃውን አልጠየቁኝም። ድምፅ ተሰጠ፣ ተሸነፍኩ። በጥቂት አልነበረም።

የባሌ ወንድም ከሉን ለብሼ ብቆይ ኖሮ ዛሬ ምክር ቤት እቀመጥ ነበር ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። የምቀመጠው ግን እኔ ሳልሆን ባነሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ነበረች። እሷን እዚያ ድረስ የምሸከምበት ጉልበት አልነበረኝም፣ ፍላጎትም አልነበረኝም።

መስከረም ደረሰ። በእኛ ልማድ ሐዘንተኛዋን በሙት ዓመቱ ከሏን የሚያስወልቋት የሟች ወገኖች ናቸው። ከኔ ላይ ግን የሚያስወልቁት ከል አልነበረም። የባሌን ሙት ዓመት ከጎንደር ወጣ ብሎ ጠዳ፣ በተወለድኩበት ደብር አወጣሁ። ካህናቱንና ነዳያኑን አበላሁ። የባሌን ዘመዶች እየዞርኩ ጠራሁ፤ ወንድሙን አልጠራሁትም። ሰምቶ መጣ። ከዘመዶቹ ድንኳን ሳይሆን ከእንግዶቹ ጋር አስቀመጥኩት። በላ። ሲሄድ አልሸኘሁትም።